የስዊድን አየር ኃይል ከፍተኛ መኮንኖች የእድገት መንገድ፣ ወደ ኢትዮጵያ የመጡትስ ከየትኛው ደረጃ ነበሩ?

የፔዳው ተማሪ (ባሕር ዳር)

ለተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ በታሪክ ትምህርት የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌን በማዘጋጀት ላይ ነኝ። ጽሑፉ ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎና ከነጻነት በኋላ ወደ አገራችን የመጡትን የስዊድን ወታደራዊ ባለሙያዎች የሚመለከት ነው። ረቂቁን ያነበቡት አማካሪዬ እነዚህ ሰዎች እዚህ ስለሠሩት ሥራ ብቻ ሳይሆን በገዛ አገራቸው ሠራዊት ውስጥ ምን ደረጃ ላይ እንደነበሩ የሚያስረዳ ክፍል እንድጨምር አዘውኛል።

ያስቸገረኝ ነገር የሚከተለው ነው። ጄኔራል ኤሪክ ቪርጂን የስዊድን አየር ኃይል ዋና አዛዥ ከነበሩ በኋላ በ1934 ወደ አዲስ አበባ መጥተው የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆኑ። ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ የዘመናዊውን አየር ኃይላችንን መሠረት በቢሾፍቱ ከጣሉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ናቸው። ሁለቱንም «የስዊድን አየር ኃይል ከፍተኛ መኮንኖች» በሚል አንድ ርእስ ሥር ማስቀመጥ ይገባኛልን? በዚያ አገር አንድ መኮንን እስከ ጄኔራልነት የሚደርሰው በምን ዓይነት መንገድ ነው? ወደ ኢትዮጵያ መምጣትስ ለእነርሱ የእድገት እርምጃ ነበር ወይስ ከመንገድ መውጣት? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ውለታችሁ ከፍ ያለ ነው። ግራ እንዳያጋባ ዓመቶቹን በኤውሮጳ አቆጣጠር ብንጽፍ ደስ ይለኛል።

የጎርጎራው መምህር

ልጄ፣ ሁለቱን ሰዎች በአንድ ምዕራፍ ማኖር ትችላለህ፤ በአንድ ርእስ ሥር ግን አታኑራቸው። የመጡበት መንገድ ፈጽሞ የተለያየ ነውና።

ከጄኔራል ቪርጂን ልጀምር። የስዊድን አየር ኃይል ራሱን የቻለ የጦር ክፍል ሆኖ የተቋቋመው በ1926 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የምድር ጦሩም የባሕር ኃይሉም የየራሳቸው አውሮፕላኖችና አብራሪዎች ነበሯቸው። እነዚህ ሁለት ክፍሎች ተዋሕደው ነው አዲሱ ኃይል የተፈጠረው። እንግዲህ አንድ መኮንን ከምክትል መቶ አለቃነት ተነሥቶ ጄኔራል ለመሆን በሰላም ጊዜ ከሃያ አምስት ዓመት ያላነሰ አገልግሎት የሚጠይቀው ከሆነ፣ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በአየር ኃይሉ ውስጥ ተወልዶ በአየር ኃይሉ ውስጥ ያደገ ጄኔራል ሊኖር እንደማይችል ግልጽ ነው። አዛዦቹ ሁሉ ከሌላ የጦር ክፍል የመጡ ነበሩ። የመጀመሪያው ዋና አዛዥ ካርል አሙንድሶን ከአውሮፕላን በፊት በፊኛ የበረሩ የምድር ጦር ሰው ናቸው። በእርሳቸው ዘመን የበረራ አደጋ በዝቶ ስለነበር አየር ኃይሉ ከፍተኛ ትችት ደርሶበታል። ቪርጂን በ1931 የተኩት እርሳቸውን ነው።

ቪርጂን የተወለዱት በ1876 ነው። አየር ኃይሉን ሲረከቡ ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነበር፤ በ1934 ለቶርስተን ፍሪስ አስረክበው ወደ እኛ አገር ሲመጡ ደግሞ ወደ ስድሳ ተጠግተዋል። በጽሑፍህ ውስጥ አጥብቀህ ልትይዘው የሚገባው ነጥብ ይህ ይመስለኛል። ለእርሳቸው አዲስ አበባ በአገራቸው ሊደረስበት ከሚችለው የአየር ኃይል ሹመት ሁሉ በላይ የሆነውን ከጨረሱ በኋላ የመጣ ሥራ ነበር። ከዚያ በላይ የሚወጡበት ደረጃ ስላልቀራቸው፣ ንጉሠ ነገሥቱን የሚያማክሩት ነገ ስቶክሆልም ውስጥ ምን እሾማለሁ የሚል ሐሳብ ሳይዛቸው ነው።

ሌላም ልብ ልትለው የሚገባ ነገር አለ። ሰውየው የቀድሞ የአየር ኃይል አዛዥ ቢሆኑም የመጡት አውሮፕላን ለማዘዝ አልነበረም። ዮሐንስ ኮልሞዲን የተባሉት ስዊድናዊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ሊቅ በ1933 አዲስ አበባ ውስጥ በሞት ሲለዩ ይዘውት የነበረው የአማካሪነት ቦታ ክፍት ሆኖ ነበር፤ ቪርጂንም በውጭ ጉዳይና በሠራዊት ማደራጀት ላይ ያማክሩ ጀመር። የሆለታው የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚህ ጊዜ ሲሆን፣ በሻምበል ቪኪንግ ታም የሚመሩ አምስት የስዊድን መኮንኖች ያስተምሩበት ነበር። አየር ኃይላችን ግን ያን ጊዜ በጣት የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ብቻ ነበሩት፤ በወረራው ዋዜማ የመሩትም ከአሜሪካ የመጡት ጥቁር አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ናቸው። ቪርጂን የአዲስ አበባ ከፍታ ጤናቸውን ስለጎዳው በ1935 ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

ወደ እድገቱ መንገድ ስንመጣ፣ እውነተኛው መሰላል የተተከለው ከቪርጂን በኋላ ነው። በ1936 የስዊድን ምክር ቤት አየር ኃይሉን የሚያስፋፋ ውሳኔ አሳለፈ። በ1942 ዋና አዛዥ የሆኑት ቤንግት ኖርደንሾልድም እስከ 1954 ድረስ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በቦታው ቆዩ። እርሳቸውም ሥራ የጀመሩት በምድር ጦር ነው። በጥብቅ ዲሲፕሊናቸው የታወቁ ሰው ነበሩ፤ በእርሳቸው ጊዜ ስዊድን ወደ ጄት ዘመን ተሻገረች፤ በ1950ዎቹም ብዙዎች ከዓለም አራተኛ ነው እስከሚሉት ድረስ አየር ኃይሏ ገዘፈ። ከዚያ ወዲያ ያሉት ጄኔራሎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ከአብራሪነት የተነሡ ናቸው።

መንገዱ በግርድፉ ይህን ይመስላል። እጩ መኮንኑ ለብዙ ዓመታት የበረራ ትምህርት ቤት በነበረችው በዩንግቢሄድ መብረር ይማር ነበር፤ ቀጥሎ በቁጥር ከሚጠሩት የአየር ምድቦች በአንዱ፣ ለምሳሌ በሶቴነስ ባለው ኤፍ 7 ወይም በሰሜን ጫፍ በሉሌዮ ባለው ኤፍ 21፣ በስኳድሮን (በአንድ አዛዥ ሥር ባለ የአውሮፕላኖች ቡድን) ውስጥ ያገለግላል፤ ስኳድሮን ይመራል። ከዚህ በኋላ በስቶክሆልም ከፍተኛውን የጦር ትምህርት ቤት ያላጠናቀቀ ሰው ወደ ላይ አይወጣም። ትምህርቱን ሲጨርስ ወደ ጠቅላይ መምሪያ ይዛወርና በእቅድ፣ በመሣሪያ ግዥ ወይም በበጀት ላይ ይሠራል፤ ከዚያ እንደገና ወደ ምድብ ይመለሳል። አንድን ምድብ በኮሎኔልነት ማዘዝ የመንገዱ ዋና በር ነው፤ በዚያ በር ያላለፈ አብራሪ ጄኔራል የመሆን ዕድሉ የመነመነ ነው። አውሮፕላን ብቻ የሚያውቅ ወይም ጠረጴዛ ብቻ የሚያውቅ መኮንን እንዳይበዛ ታስቦ የተሠራ ሥርዓት ነው፤ እኔ በበኩሌ ብልህነት ያለበት ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ከአየር ኃይል ተነሥተው የመላው የስዊድን ጦር ጠቅላይ አዛዥ እስከ መሆን የደረሱም አሉ። ቶርስተን ራፕ አየር ኃይሉን ለአጭር ጊዜ ከመሩ በኋላ ከ1961 እስከ 1970፣ ኡቬ ቪክቶሪን ከ1994 እስከ 2000፣ ሚካኤል ቢዴን ደግሞ ከ2015 እስከ 2024 በዚህ ቦታ አገልግለዋል። ከጡረታ በኋላ ሌላ ሙያ የያዙም አይጠፉም። ከኖርደንሾልድ ቀጥለው እስከ 1960 አየር ኃይሉን የመሩት አክሴል ዩንግዳል በእርጅናቸው ወደ ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ በታሪክ ውስጥ ስለተነሡ የነቢያት እንቅስቃሴዎች ጥናት ጽፈው ዶክተር ሆነዋል። ከጽሑፍህ ጋር ባይገናኝም ባነሣው ደስ የሚለኝ ታሪክ ነው።

ጡረተኛው መካኒክ (ባሕር ዳር፣ ቀበሌ 14)

መምህር የጻፉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ። እኔ የምጨምረው በቢሾፍቱው ሐረር ሜዳ የአየር ኃይል ምድብ ሃንጋር ውስጥ ከታላላቆቼ የሰማሁትንና በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ልጄ፣ ስለ ጄኔራሎች ብቻ ከጻፍክ የስዊድኖቹን ሥራ ግማሹን ታጣዋለህ። ከ1946 ወዲህ ወደ ቢሾፍቱ የመጡት አብዛኞቹ የበረራ አስተማሪዎችና መካኒኮች ነበሩ፤ በአገራቸው መሰላል ላይ መካከለኛው ወይም የታችኛው እርከን ላይ ያሉ ሰዎች ማለት ነው። ታላላቆቼ የሚያከብሯቸው በትከሻቸው ላይ ባለው ማዕረግ ሳይሆን ከተማሪው ጋር አብረው ሞተር ሥር ስለሚገቡ ነበር።

ይዘዋቸው ከመጡት አውሮፕላኖች አንዱ ሳብ 17 ይባላል። እኔ ሥራ ስጀምር ከአገልግሎት የወጡት ተደርድረው ቆመው አይቻለሁ፤ ወጣቶች ስለነበርን ከሥራ በኋላ ዙሪያቸውን እየዞርን እንመረምራቸው ነበር። ጎማውን የሚሸፍነው ብረት ትልቅ ነው። ጎማው ሲታጠፍ ከክንፉ ሥር ወደ ኋላ ይተኛል፤ አብራሪው ቦምብ ለመጣል ወደ ታች ሲወረወር ደግሞ ያንኑ ጎማ ከነሽፋኑ ይዘረጋውና ነፋሱን እየተቃወመ ፍጥነቱን ይገታለታል። ለማረፊያ የተሠራው ዕቃ ለፍሬንም ያገለግላል ማለት ነው። የመሐንዲሱን አእምሮ ያደነቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለማስተማሪያ የመጣው ትንሹ ሳብ ሳፊር ደግሞ ቅን አውሮፕላን ነበር፤ ጀማሪ ቢሳሳት የሚታገሥ። ፎን ሮዘን በ1947 አንዱን ሳፊር ተጨማሪ ነዳጅ አስጭነው ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ በመንገድ ላይ ሳያርፉ ከ30 ሰዓት በላይ በረው አምጥተውታል። ከ6 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ ነው።

ሌላው ልልህ የምፈልገው ስለ ኮንጎ ነው። በ1961 የተባበሩት መንግሥታት በኮንጎ የተዋጊ አውሮፕላን ኃይል ሲያሰልፍ የእኛ ኤፍ 86 ሴበር አውሮፕላኖችና የስዊድኖቹ ሳብ 29 በአንድ ዓላማ ሥር ተሰልፈዋል። አስተማሪና ተማሪ የነበሩ ሁለት አየር ኃይሎች በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ጎን ለጎን መቆማቸው ትልቅ ነገር ነው። ለስዊድኖቹ ግን ከኮንጎ በኋላ ተዋጊ አውሮፕላን ከአገር አውጥቶ ማሰለፍ እስከ 2011፣ ስምንት ግሪፐን ወደ ሊቢያው ዘመቻ እስከ ላኩበት ጊዜ ድረስ አልነበረም። በመካከሉ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ምን ቀረው? በዚህ ሁሉ ጊዜ ተሹመው ጡረታ የወጡት ጄኔራሎች ጦርነት ሳያዩ ነው የወጡት። የእኛዎቹ መኮንኖች በኦጋዴን ሰማይ ላይ ተፈትነው ማዕረጋቸውን አግኝተዋል፤ ያም ሆኖ አየር ኃይሉን የመሩት ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ በ1989ኙ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሕይወታቸው አልፏል። የእነርሱ ጄኔራል በጡረታው ዶክትሬት ሲጽፍ የእኛው ለጡረታ እንኳ አልታደለም። ይህን ልዩነት ሳታነሣ የሥራ ዘመናቸውን ከእኛ መኮንኖች ጋር ብታወዳድር ጽሑፍህ ሚዛኑን ያጣል።

ከማማው ሥር (ባሕር ዳር)

ጋሼ፣ ስለ ኮንጎም ስለ ሳብ 17ም የነገሩን እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ስለ እኛ መኮንኖች ዕጣም የሚሰማዎትን ሐዘን እጋራለሁ። ነገር ግን ጦርነት አላዩም ማለት አልተፈተኑም ማለት እንደማይሆን፣ በበረራ መቆጣጠሪያ ሥራ ላይ ያለሁ ሰው እንደመሆኔ መጠን ለመናገር ይፈቀድልኝ።

ላንሰን የሚባለውን የስዊድን ተዋጊ አውሮፕላን ብንወስድ 450 ያህል ተሠርቶ ሲሶው የሚሆነው በአደጋ ጠፍቷል፤ በዚሁ አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ 100 ያህል የበረራ ሠራተኞች ሞተዋል። በሰላም ጊዜ፣ በገዛ አገራቸው ሰማይ ላይ ማለት ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠላት ሊመጣ የሚችለው በክረምቱ ጨለማና በደመና ሥር ነው ብለው ስላመኑ በዚያው ሁኔታ፣ ከባሕሩ ወለል ብዙ ሳይርቁ ይለማመዱ ነበር። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ጄኔራል የሆነ ስዊድናዊ አብራሪ እንግዲህ በወጣትነቱ ብዙ ጓደኞቹን የቀበረ ሰው ነው። እኛም እዚህ ጠዋት ጠዋት ከጣና ላይ የሚነሣው ጭጋግ መንደርደሪያውን ሲሸፍነው አንድን አውሮፕላን በደኅና ማሳረፍ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ እናውቃለን፤ እነርሱ በዚያ ዓይነት አየር ውስጥ በዝቅታና በከፍተኛ ፍጥነት ይበሩ ነበር። በኋላ የበረራ ደኅንነትን የአዛዦች ዋና ኃላፊነት ያደረጉት ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

ለፔዳው ተማሪ ደግሞ፣ ጽሑፍህ እስከ ዛሬ የሚዘልቅ ከሆነ ሴቶችን አትርሳ። በስዊድን ማንኛውም የውትድርና ሥራ ለሴቶች የተከፈተው በ1989 ነው። የማጓጓዣ አውሮፕላን አብራሪ የነበሩት ሊና ሃሊን ጄኔራል ሆነው የአገሪቱን ወታደራዊ መረጃና ደኅንነት መሥሪያ ቤት እስከ መምራት ደርሰዋል። የተዋጊ አውሮፕላን አብራሪ ያልሆነ ሰው እንደዚያ መውጣቱ መሰላሉ ከድሮው እንደሰፋ የሚያሳይ ይመስለኛል።

የፔዳው ተማሪ (ባሕር ዳር)

መምህር፣ ጋሼ፣ እኅቴም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጄኔራል ቪርጂን ጉዳይ በሚገባ ተብራርቶልኛል። አሁን የቀረኝ ሁለት ነገር ነው። ፎን ሮዘን በዚህ መሰላል ላይ ካልነበሩ ታዲያ በምን ሥልጣን ነው አየር ኃይል ያቋቋሙት? በእኛ መዛግብት ውስጥ ከስዊድናውያን ስም ፊት የማገኘው ማዕረግስ በአገራቸው የነበራቸው ነው ብዬ መውሰድ እችላለሁን?

የዘጌው አንባቢ

ጤና ይስጥልኝ። በመጀመሪያ ከፎን ሮዘን ስም ፊት የሚጠራው «ካውንት» ከቤተሰብ የሚወረስ የመኳንንት ስም እንጂ ወታደራዊ ማዕረግ አይደለም። ሰውየው በ1909 ከባላባት ቤተሰብ ተወልደው አብራሪ ሆኑ፤ በ1935 ጣሊያን ሲወረን ለስዊድን ቀይ መስቀል የአምቡላንስ አውሮፕላን እያበረሩ ቁስለኞቻችንን አመላለሱ። ለሆላንዱ ኬኤልኤም አየር መንገድ በረሩ። በ1939 ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወጋ ሥራቸውን ትተው፣ ለመንገደኛ የተሠራ ዲሲ 2 አውሮፕላን ወደ ቦምብ ጣይነት ተለውጦላቸው ለፊንላንድ ተዋጉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ መምህር የገለጹት የስኳድሮን፣ የጦር ትምህርት ቤት፣ የጠቅላይ መምሪያና የምድብ አዛዥነት ቅደም ተከተል የለም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት «የስዊድን አየር ኃይል ከፍተኛ መኮንን» ልትላቸው አትችልም።

ሥልጣናቸው የመነጨው ከንጉሠ ነገሥቱ እምነት ነው። በጭንቅ ጊዜ ከእኛ ጋር የቆመ ሰው ስለነበሩ ነጻነት ሲመለስ ተፈለጉ። ባልደረቦቻቸው ከስዊድን ተመልምለው የመጡ ሆኑ፤ እርሳቸውም ከ1946 እስከ 1956 መሩ። የስዊድን መሰላል የሚያፈራው ዓይነት ሰው ቢሆን ኖሮ ባዶ ሜዳ ላይ ለመጀመር ይደፍር ነበር ለማለት እቸገራለሁ። ያ መሰላል የተደራጀን ኃይል የሚጠብቅና የሚያሻሽል ሰው ያወጣል፤ ፎን ሮዘን ግን ምንም የሌለበት ቦታ ሲያዩ የሚነቃቁ ሰው ነበሩ። በ1969 በትናንሽ አውሮፕላኖች ከናይጄሪያ ለመገንጠል ትዋጋ ለነበረችው ለቢያፍራ የተዋጉትም፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ በረሃብ ለተጎዱ የአገራችን መንደሮች እህል ከአየር እየጣሉ ያደረሱትም ያው ሰው ናቸው። በ1977 በሶማሊያው ወረራ መጀመሪያ ጎዴ ላይ ተገደሉ። በስዊድን መሰላል ቢለኩ የትም የማይገኙ፣ በእኛ ታሪክ ግን ከማንኛውም የስዊድን ጄኔራል የገዘፉ ሰው ናቸው፤ ይህንን በድፍረት ጻፈው።

መሰላሉን በሥርዓት የወጣ ሁሉ ታማኝ ነው የሚል ስሜት በጽሑፍህ እንዳይገባ ደግሞ ስቲግ ቬነርስትሮምን አስታውስ። በሞስኮም በዋሽንግተንም የአየር ኃይል አታሼ (በኤምባሲ የሚመደብ ወታደራዊ ተወካይ) የነበረ ኮሎኔል ነው፤ ለሶቪየት ኅብረት ሲሰልል ቆይቶ በ1963 ተያዘ፤ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት በ1974 ተለቀቀ።

ስለ ማዕረጉ ያነሣኸው ጥያቄ ብዙ ተመራማሪ የሚሰናከልበት ስለሆነ ጠንቀቅ በል። በስዊድን ሠራዊት ብርጋዴር ጄኔራል የሚባል ማዕረግ የመጣው በ2000 ነው። አንተ በምታጠናው ዘመን ኮሎኔል ሲያድግ ቀጥታ ሜጀር ጄኔራል ይሆን ነበር። እንግዲህ በ1940ዎቹ፣ በ1950ዎቹ ወይም በ1960ዎቹ በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ከአንድ ስዊድናዊ ስም ፊት «ብርጋዴር ጄኔራል» የሚል ካገኘህ፣ ያ ማዕረግ እዚህ የተሰጠው እንጂ ከአገሩ ይዞት የመጣው አይደለም። በአገሩ ኮሎኔል፣ ምናልባትም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጅ፤ በአንዱ ዓምድ በስዊድን የነበረውን ማዕረግና የተሾመበትን ዓመት፣ በሌላው በኢትዮጵያ የተሰጠውን አስገባ። ከሜጀር ጄኔራል ቪርጂን ጀምርና የሆለታዎቹን አምስት መኮንኖች አስከትል፤ የቢሾፍቱዎቹን አስተማሪዎች ደግሞ ጋሼ እንዳሉት እስከ መካኒኮቹ ድረስ ሳትዘል መዝግባቸው። የፎን ሮዘንን የስዊድን ዓምድ ባዶ ብትተወው አማካሪህ ምክንያቱን ይጠይቁሃል፤ መልሱንም አሁን ይዘኸዋል።